ከአጥር ውጭ ያለው ፓምፕ

ከድንቅቱ ጋር የተዋወቅነው በጠብ ነው። እኔ ሰበታ ውስጥ፣ ከጅማ መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ የክር ፋብሪካ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበርኩ። እሷ ደግሞ የጥገና ክፍል አዲስ ኤሌክትሪሺያን ነበረች። ፊውዝ ልትወስድ መጣችና ሰላምታዋን እንኳ ሳትጨርስ፣ እጇን ወደ ግድግዳው ዘርግታ የመደርደሪያዎቼን መብራት በሙሉ አጠፋችው።

«ፀሐይ በመስኮት እየገባ ይሄ ሁሉ አምፖል ምን ያደርግልሃል ጋሼ?» አለችኝ።

«አንቺ ማን ነሽና ነው እኔ ቤት ገብተሽ የምታጠፊው?» ብዬ ጮህኩባት። መልሳ አልጮኸችም። ፊውዟን ፈርማ ወሰደችና ሄደች፤ እኔም በንዴት መልሼ አበራሁት። ትንሽ ቆይቼ ዙሪያዬን ሳየው ግን መብራቱ በራም ጠፋም ለውጥ የለውም። ያኔ «መብራት ኃይል» የሚል ስም አወጣሁላት። ሳያስጠነቅቅ የሚያጠፋ ሌላ ማን አለ? ስሙ ልክክ አለባትና ሠራተኛው ሁሉ ተቀበለው።

ከዱራሜ አካባቢ የመጣች የከምባታ ልጅ ናት። መጀመሪያ የተቀጠረችው ክር መፍተያው ውስጥ ነበር። የጥጥ ብናኝ እያሳላት፣ ከሥራ መልስ የማታ ትምህርት ተምራ ኤሌክትሪክ ያዘች። ጴንጤ ናት፤ ጠላ አትቀምስም፣ ሰው አታማም፣ አትምልም። እኔ የማርያም ስም ከአፌ የማይጠፋ ሰው ነኝና «ማርያምን!» ባልኩ ቁጥር «አዎ ካልክ አዎ ይበቃል ጋሼ» ትለኛለች። እንዲህ ያለ ሰው አጠገብ መሥራት ያደክማል። ግን ድንቅቱ «እሠራዋለሁ» ካለች ሄዶ ማየት አያስፈልግም ነበር፤ ተሠርቷል።

አሁን ስለ ማርቆስ ልናገር። የቴክኒክ ክፍሉ ኃላፊ ነበር፤ ኢንጂነር ነው። እሷን ከመፍተያው አውጥቶ ወደ ጥገና ያዛወራት እሱ ነው። አገራቸው አንድ ነው፣ ጸሎት ቤታቸውም አንድ ነው፤ እሱ የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ነው። እንደ ወላጅ ነበር የምታየው። እኔም «እርስዎ» እያልኩ ብዙ ዘመን አገልግያለሁ። እዚህ ላይ «እሳቸው» ብዬ እንድጽፍ የሚጠብቅ ካለ ግን አልችልም፤ ምክንያቱን ታሪኩ ይናገራል።

በሁለት ሺህ ሰባት ዓ.ም መጨረሻ ላይ ውጭ አገር ያሉ ገዢዎች «የኢነርጂ አስተዳደር ሥርዓት ካልዘረጋችሁ ክራችሁን አንገዛም» አሉ ተባለ። ስብሰባ ተጠራ። አንድ አማካሪ ከአዲስ አበባ መጥቶ በፕሮጀክተር ክብ ክብ ሥዕል አሳየን፤ ማቀድ፣ መሥራት፣ ማረጋገጥ፣ ማረም፣ ከዚያ እንደገና ማቀድ። እኔ ከሁሉም የገባኝ ሻይ መኖሩ ነበር። ነገሩ ሲፍታታ ግን ቀላል ነው፤ ኤሌክትሪኩና ናፍጣው የት የት እንደሚሄድ ትለካለህ፣ የሚባክነውን ታገኛለህ፣ ታስተካክላለህ፣ አንድ ኪሎ ክር ለማምረት የሚበላውን ኃይል ከዓመት ዓመት ታወርዳለህ። ይህን ማድረግህን ውጭ ሰው መጥቶ ካረጋገጠ ሰርተፍኬት ይሰጥሃል። ማርቆስ ተነሥቶ የሥራው አስተባባሪ ድንቅቱ መሆኗን ተናገረ። ደግሞም በሁሉም ፊት «ብክነት ያሳየ ሰው ይመሰገናል እንጂ አይቀጣም፤ በዚህ ሥርዓት የሚጎዳ ሰው አይኖርም» አለ። አጨበጨብን።

ልጅቷ ክንፍ አወጣች ማለት ይቻላል። ማሽኖቹ በሚያርፉበት ሰዓት ሠራተኛውን ይዛ የታመቀ አየር የሚያስተላልፉትን ቧንቧዎች በጆሮ ታስፈትሽ ነበር፤ ፉጨት ከተሰማ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ሙቀት እንዳያመልጥ የቦይለሩን የእንፋሎት ቱቦ አለበሰች። ቀድሞ መፍተያ ቤት ውስጥ በባዶ የሚዞር ሞተር የሚያጠፋ ሰው አልነበረም፤ አሁን ሴቶቹ እየተሽቀዳደሙ ማጥፋት ጀመሩ። ቀድሞ እንደ እብድ ያየናት ሁሉ «እዚህም ይፈሳል ድንቅቱ፣ ነይ እይው» እያልን መጥራት ያዝን። እኔም የመደርደሪያዬን መብራት ራሴው አጠፋሁ፤ ይህን ለሷ አልነገርኳትም።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ፓምፑ።

የፋብሪካው የውሃ ጉድጓድ ያለው ከአጥሩ ውጭ ነው። ፋብሪካው ያረፈበት መሬት ድሮ የገበሬዎች ነበር፤ የተነሡት ሰዎች ከአጥሩ ጀርባ ጎጆ ቀልሰው ተቀምጠዋል። መሬቱ ሲወሰድ ብዙ ተስፋ ተሰጥቷቸው ነበር። ከዚያ ሁሉ ተስፋ የተፈጸመው አንድ ብቻ ነው፤ ከጉድጓዱ የሚወጣው ውሃ ለፋብሪካውም ለእነሱም እንዲደርስ አንድ ቦኖ ተሠራላቸው። ፓምፑን የሚያዞረው የፋብሪካው ኤሌክትሪክ ነው። ሴቶቹ ጄሪካናቸውን እዚያ ይሞላሉ፣ ከብቱም ከሚፈሰው ይጠጣል።

አማካሪው «ያልተለካ ነገር ሊኖር አይችልም፤ ፓምፑ ላይ ቆጣሪ ይግባ» አለ። ድንቅቱ ደነገጠች። ማርቆስ ቢሮ ገብታ ጠየቀችው። እኔም ለቆጣሪው መውጫ ላስፈርም ገብቼ ነበርና ሰምቻለሁ።

«ጋሽ ማርቆስ፣ ይሄ ቆጣሪ በኋላ የሰዎቹን ውሃ ማስዘጊያ እንዳይሆን» አለችው።

«እንዲያውም ማስጠበቂያቸው ነው» አላት በለሰለሰ ድምፅ። «ለእነሱ የሚሄደው ለብቻው ከታወቀ ከፋብሪካው ፍጆታ ውጭ እናደርገዋለን። ካልተለካ ግን የእኛ ብክነት ሆኖ ነው የሚታየው፤ ያኔ አንድ ቀን አንዱ ተነሥቶ ይዘጋዋል። ገባሽ?»

ገባት። ለእኔም ገባኝ፤ እውነት ነው የሚመስለው።

ጊዜው ግን ክፉ ነበር። ሁለት ሺህ ስምንት፣ ኅዳር አልፎ ታኅሣሥ ይዟል። የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ዙሪያውን ያሉትን ከተሞች ሊውጥ ነው ተብሎ ቡራዩም ሱሉልታም ሰበታም ተማሪው ከትምህርት ቤት ወጥቷል፣ መንገድ ይዘጋል፣ ጥይት ይሰማል። በዚያ ወቅት መለኪያ የሚመስል ነገር ይዞ ገበሬ መንደር መግባት ራስን እሳት ውስጥ መጣል ነበር። ሜትር ይሁን ቆጣሪ ማን ይለይልሃል? የሚለካ ሁሉ መሬት ሊወስድ የመጣ ነው። መጀመሪያ የሄዱትን ሁለት ሠራተኞች የመንደሩ ወጣቶች በድንጋይ መለሷቸው።

ከዚያ የመንደሩ አዛውንት ኦቦ መገርሳ መልእክት ላኩ። «ቆጣሪው እንዲገባ ከፈለጋችሁ የሚናገር ሰው ይምጣ፤ ሳር ይዘን እንነጋገር» አሉ። ማርቆስ ትውልዱ ከምባታ ቢሆንም ያደገው ሻሸመኔ ነው፤ ኦሮምኛን እንደ ውሃ ይናገረዋል፣ ባህሉንም ጠንቅቆ ያውቃል። መሄድ የነበረበት እሱ ነው። ግን በዚያ ቀን አዲስ አበባ ስብሰባ እንዳለበት ተናገረና ድንቅቱን ላካት።

ድንቅቱን ሳሩ ከበዳት፤ እርጥብ ሳር ይዞ መናገር በእነሱ ዘንድ እንደ መሐላ ነው። «ጋሽ ማርቆስ፣ እኔ እኮ አልምልም። ሳር መያዝ ለእምነታችን ልክ ነው?» አለችው።

«ሳር ነው፤ ምን አለው?» አላት። «አምልኮ አይደለም፣ የሰላም ምልክት ነው። እኔ የጸሎት ቤትሽ ሽማግሌ ነኝ፤ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን፣ ያዢው። የኩባንያውን ቃል ነው የምትሰጪያቸው።»

ቆጣሪውን ተሸክሜ አብሬያት የሄድኩት እኔ ነኝ። በቦይለሩ ጀርባ ስናልፍ የማርቆስን መኪና ቆማ አየኋት። አዲስ አበባ በሌላ መኪና ሄዶ ይሆናል ብዬ አለፍኩ።

ኦቦ መገርሳ ፓምፑ ቤት ደጃፍ ላይ ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠው ጠበቁን። «አካም ጅርቱ?» አሉ፤ «ነጋ» አልን። ድንቅቱን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት።

«ኃላፊ ላኩ ብል ሕፃን ላኩ?» አሉ በአማርኛ፤ ሽማግሌዎቹ ሳቁ።

«ኃላፊው ስብሰባ አለባቸው አባባ። እኔ ነኝ ሥራውን የምሠራው» አለች።

«እሺ፣ ታኢ፣ ቁጭ በይ።» ከቦኖው ሥር እርጥብ ሳር ነጨት አድርገው ግማሹን እሳቸው ያዙ፣ ግማሹን ሰጧት። «እንግዲህ ስሚኝ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አሏት። «ይሄን ይዘሽ የምትነግሪኝ ያንቺ ቃል ነው። የኩባንያው አይደለም። እኔ ኩባንያ አላውቅም፤ ኩባንያ ብዙ ነግሮኛል። ይሄ ቆጣሪ ውሃችንን ይዘጋል ወይስ አይዘጋም?»

ድንቅቱ ወደ እኔ ዞር ብላ አየችኝ። እኔ ምን ልበላት? ቆጣሪ ተሸካሚ ነኝ።

«አይዘጋም» አለች። «ለእናንተ የሚሄደው እንዲታወቅ ብቻ ነው። ውሃው አይዘጋም አባባ።»

«አይዘጋም አልሽ?»

«አዎ።»

ኦቦ መገርሳ መረቁ፤ ሽማግሌዎቹ ተቀበሉ። ከኋላ የቆሙት ወጣቶች ያጉረመርሙ ነበር፤ አንዱ ቆጣሪውን ከእጄ ሊነጥቅ ሲል እሳቸው በበትራቸው መለሱት። እሷ በካቻቢቴዋ ስታስር እነሱ ዙሪያዋን ቆመው ያዩ ነበር። ስንጨርስ አንዲት ሴት ከቤቷ እርጎ አምጥታ ሰጠችን፤ ድንቅቱ ስትመለስ መንገዱን ሁሉ ትዘምር ነበር።

ከዚያ በኋላ የዚያ መንደር ልጅ ሆነች። ቅዳሜ ቅዳሜ ትሄዳለች፣ ቆጣሪውን ታያለች፣ የቦኖውን ቧንቧ ጎማ ትቀይራለች፤ ኦሮምኛዋም እዚያው አደገ። ማስተር ፕላኑ ተሰርዟል ተባለ፣ ብጥብጡ ግን አልቆመም። መንገድ እየተዘጋ ጥጥ ሳይገባ ይቀራል፣ ማሽኖች ይቆማሉ። እዚህ ላይ ሥርዓቱ ፊቱን አዞረብን። ምርቱ ሲያንስ፣ መብራቱና ቦይለሩ ግን እንደበፊቱ ሲበላ፣ ለአንድ ኪሎ ክር የሚወጣው ኃይል ከመውረድ ይልቅ ወጣ። ሰርተፍኬቱን የሚሰጡት መርማሪዎች ደግሞ ከዘመን መለወጫ በኋላ ይመጣሉ። የመንደሩ ውሃ ደግሞ «ከፍጆታ ውጭ እናደርገዋለን» እንደተባለ ሳይሆን አሁንም በፋብሪካው ፍጆታ ውስጥ ነበር። ድንቅቱ ይህን ስታነሣ ማርቆስ «እናየዋለን» ይላታል። የፓምፑ ሞተር ያረጀና ከልኩ በላይ ትልቅ ነው፣ እሱ ቢቀየር ይሻላል ስትለው «ለሚቀጥለው ዓመት» ይላታል።

መስከረም ላይ ዱከም የሚሰጥ የኢነርጂ ሥልጠና አለ ተብሎ ተላከች። ደስ ብሏት ሄደች። በሄደች ማግሥት ማርቆስ ከእኔ ሰንሰለትና ጓጉንቸር ቁልፍ አስወጣ። ለበር መስሎኝ ሰጠሁት። ወደ መንደሩ የሚሄደውን ውሃ መዝጊያ አስጠርቅሞ በሰንሰለት አሳሰረው። አሁንም ራሱ አልሄደም፤ ጥበቃዎች ልኮ ነው ያሳሰረው።

ስትመለስ የነገርኳት እኔ ነኝ። ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ቢሮው ገባች፤ እኔም ተከተልኳት። ብታምኑኝም ባታምኑኝም እዚያው ነበርኩ።

«ጋሽ ማርቆስ፣ ውሃውን ምን አደረጉት?»

«ጊዜያዊ ነው። መርማሪዎቹ እስኪሄዱ።»

«እኔ እኮ አይዘጋም ብያቸዋለሁ!»

«ማን በይ አለሽ?» አላት። ረጋ ብሎ ነው የሚናገረው፤ ይሄ ነው የሚያናድደው። «ኩባንያው ከእነሱ ጋር የፈረመው ነገር የለም። አንቺ ሄደሽ ሳር ይዘሽ ከተዋዋልሽ የግልሽ ጉዳይ ነው።»

«እርስዎ አይደሉ እንዴ ያዢ ያሉኝ? ኃጢአቱ በእኔ ይሁን አላሉኝም?»

ማርቆስ መነጽሩን አወለቀና ጠረገው። «ድንቅቱ» አላት፣ «እኔ የጌታ ቤት ሽማግሌ ሆኜ ለባዕድ አምልኮ ሳር ያዢ እላለሁ? እኔ ራሴ ያልሄድኩት ለምን ይመስልሻል?»

መኪናዋ ትዝ አለችኝ። ሳር ይዞ የተናገረ ሰው በቃሉ እንደሚጠየቅ ያውቅ ነበር። እያወቀ ነው የላካት። ድንቅቱ ግን ገና አልገባትም ነበር። አሁን «ቀልዴን ነው» እንዲላት የምትጠብቅ ይመስል አፏን ከፍታ ታየው ነበር። አላላትም። ወጥታ የግምጃ ቤቴ በር ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች።

ቅዳሜ እንደወትሮዋ መንደሩ ሄደች። ቦኖው ደርቋል። ሴቶቹ ክረምቱ ካደፈረሰው ወንዝ ጄሪካን ተሸክመው ይመጣሉ። «አካም ጅርቱ» ብትል አንድም የመለሰላት የለም። እርጎ የሰጠቻት ሴት በሯን ዘጋችባት። ኦቦ መገርሳን ቤታቸው አጣቻቸው። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ማርቆስ ቢሮ ትገባለች፣ ትለምነዋለች፤ እሱም በየቀኑ «እናየዋለን» ይላታል። «ጋሼ፣ ሰውዬው ልቡ ይመለሳል፤ እየጸለይኩ ነው» ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ «የአንቺ ሽማግሌ ልብ ቢኖረው ኖሮ» እላታለሁ፤ ትቆጣኛለች።

የኢሬቻው ሐዘን የተሰማው በዚያው ሰሞን ነው። አገር ነደደ። በጅማ መንገድ ግራና ቀኝ ጭስ ይወጣል፤ ይሄኛው ፋብሪካ ተቃጠለ፣ ያኛው ተቃጠለ ይባላል። አንድ ረፋድ ላይ የእኛም በር ላይ ሕዝብ መጣ። ወጣቶቹ ዱላና ድንጋይ ይዘዋል፣ አንዳንዱ በጠርሙስ ቤንዚን ይዟል። ከፊት ኦቦ መገርሳና ሽማግሌዎቹ አሉ። ከመንደሩ ሴቶችም ባዶ ጄሪካን እየደበደቡ መጥተዋል። «ቢሻን! ቢሻን!» ይላሉ፤ ውሃ፣ ውሃ።

ማርቆስ የጥበቃ ቤቱ ደረጃ ላይ ወጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። እኔና ድንቅቱ ከበሩ ውስጥ፣ ከታች ቆመናል። በኦሮምኛ መናገር ጀመረ፤ አቤት አነጋገሩ! ማር ነው። አባቶቼ አላቸው፣ ወንድሞቼ አላቸው፣ ሐዘናችሁ ሐዘኔ ነው አላቸው። ከዚያ እንዲህ አለ፤

«ውሃውን ያስዘጋችባችሁ ይቺ ሴት ናት። ቆጣሪውን የሰቀለች እሷ ናት፣ ሳር ይዛ ያታለለቻችሁ እሷ ናት። እኛ አላወቅንም። ዛሬ አሰናብተናታል።»

በጣቱም አሳያት።

ድንቅቱ ክንዴን ያዘችኝ። «ጋሼ፣ እኔን ነው?» አለችኝ። ኦሮምኛው ገብቷታል፤ ማመን ነው ያቃታት። ቤንዚን ለያዘ ሕዝብ ስሟን አሳልፎ ሰጣት። እንደ ወላጅ የምታየው ሰው።

አንድ ድንጋይ በሩን መታው። ኦቦ መገርሳ በትራቸውን አነሡ፤ ጸጥታው ቀስ ብሎ መጣ። ማርቆስን ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። «ድንቅቱ፣ ኮቱ» አሉ። ነይ ማለታቸው ነው።

ጥበቃው ትንሿን በር ሲከፍትላት ላስቀራት ሞከርኩ። እጄን አስለቅቃ ወጣች።

«ኦቦ መገርሳ፣ እኔ አልዘጋሁትም» አለች። «ሳልኖር ነው የዘጉት።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ሰንሰለቱን ሲያስሩ አይቻለሁ። አንቺ አልነበርሽም።»

«ካወቁ ታዲያ…»

«እሱ ምን ነገረኝ? ምንም። አይዘጋም ያልሽኝ አንቺ ነሽ።» ድምፃቸው የንዴት አልነበረም። «እነዚህ ልጆች ቆጣሪውን ሊነጥቁ ሲሉ በበትሬ የመለስኳቸው አንቺን አምኜ ነው። አሁን ይጠይቁኛል። ምን ልበላቸው? ሌላ ሰው ነው ልበላቸው?»

ድንቅቱ አንገቷን ደፋች። ወደ ደረጃው ዞር ብላ «አዎ፣ ሌላ ሰው ነው፣ ያውና» ብትል የሚሆነውን እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ፣ ማርቆስም ያውቃል። ደረጃው ላይ ሆኖ ያያት ነበር። አላለችም።

ተመልሳ ገባችና «ጋሼ፣ የብረት መቁረጫውን ስጠኝ» አለችኝ። ሳላስፈርም ሰጠኋት። ሕዝቡ ከኋላዋ ተከተላት። ሰንሰለቱን በጥሳ መዝጊያውን ስትከፍተው ቦኖው ጥቂት አየር ተፍቶ ውሃው መጣ። ሴቶቹ ጄሪካን ለማስቀደም ተጋፉ፤ በጠርሙስ ቤንዚን ይዞ የነበረው ልጅ ፊቱን ታጠበ። ያን ቀን የእኛ ፋብሪካ ሳይነካ ዋለ። ምክንያቱ እሷ ናት፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

በዚያው ሳምንት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ወታደሮች በሩ ላይ ቆሙ፤ በማግሥቱ ከበፊቱ የወፈረ ሰንሰለት ቦኖው ላይ ታሰረ። ድንቅቱ ንብረት በመስበርና ያለፈቃድ ኃይል በማባከን ተባረረች። መርማሪዎቹ መጥተው የፓምፑን ቁጠባ ለሌሎች ምሳሌ የሚሆን አሉት፤ ሰርተፍኬቱ በመስተዋት ገብቶ ተሰቀለ። እኔም ብዙ አልቆየሁም፤ ያንን ፊት ሁልጊዜ ማየት አልቻልኩም።

ከረጅም ጊዜ በኋላ ዱከም ሚኒባስ ስጠብቅ አገኘኋት። እዚያ በአንድ ፋብሪካ ተራ ኤሌክትሪሺያን ሆናለች። ቁርስ ቤት ገባን። መጀመሪያ የጠየቅኳት ስለ ኦቦ መገርሳ ነው። ሰንሰለቱ ከተመለሰ በኋላ ቤታቸው ሄዳ ነበር።

«ቁጭ በይ አሉኝ» አለች። «ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ፣ ስለ አገሬ ጠየቁኝ። ስለ ውሃው አንድ ቃል አላነሡም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር ጋሼ። ከእኔ የሚጠብቁት ነገር ቀረ።»

«ያስ ውሻ?» አልኳት። ማንን እንደሆነ ታውቃለች።

ደረቅ ሳቅ ሳቀች። ከተባረረች በኋላ በነበረው እሑድ ጸሎት ቤት ሄዳ ነበር። እነሱ ዘንድ እግዚአብሔር ያደረገልኝ የሚል ሰው ተነሥቶ ይመሰክራል። ማርቆስ ተነሣ። ቤንዚን በያዘ ሕዝብ ፊት ብቻውን እንደቆመ፣ እሱ ራሱ በማያውቀው ድፍረት ጌታ አፉን እንደከፈተለት፣ ሕዝቡም እሱን ሰምቶ እንደተመለሰ፣ ፋብሪካውና የብዙ ሰው እንጀራ እንደተረፈ ተናገረ። ጉባኤው ቆሞ ሃሌሉያ አለ።

«እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ» አለች። «አጠገቤ ያለችው እህት በክርኗ ነካ አደረገችኝ። አንቺም እዚያው አይደለሽ እንዴ የምትሠሪው፣ አሜን በይ እንጂ አለችኝ።»

«እና ምን አልሻት?»

ሻይዋን አማሰለች።

«አሜን አልኩ» አለችኝ።